የአያ ፈንታሁን ሳል

የአያ ፈንታሁንን ሞት የሰማሁት በቴሌግራም ነው። አዲስ አበባ፣ በመሥሪያ ቤታችን ካፌ፣ ትሪዬን ይዤ ለምሳ ተሰልፌ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ተከራይቼ በኖርኩበት ግቢ ጎረቤቴ የነበረችው ወይንሸት የበራች ሻማ ሥዕል ልካልኛለች። ከሥሩ «አያ ፈንታሁን አረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው፤ ነፍስ ይማር» ይላል። ከጽሑፉ ቀጥሎ እንባ የምታፈስ ቢጫ ፊት አለች። አስተናጋጇ «ሽሮ ነው ምስር?» አለችኝ። «ሽሮ» አልኳት።

ተቀምጬ በላሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ባልደረባዬ በቤት ኪራይ ሲያማርር «እውነትህን ነው» እያልኩ በላሁ። እንባዬ የመጣው ቆይቶ፣ ቢሮዬ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት ነው። ሰው እንዲህ ባለ መንገድ መርዶ እንዳይሰማ ግማሽ ዕድሜያቸውን ሲደክሙ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸው መርዶ በቢጫ ፊት መጣ። በወይንሸት ተናደድኩ፤ መልሼ ደግሞ አዘንኩላት። ምን ታድርግ? ሳሉን የሚስልላት ሰው ሞቷል።

አያ ፈንታሁን የቤት አከራዬ ነበሩ። በሰፈሩ የሚታወቁት ግን በመርዶ ነጋሪነታቸው ነው። ማንም አልሾማቸውም፤ ሰው ለምዷቸው ብቻ እንዲያ ሆነ። ከዛሪማ፣ ከአዲ አርቃይ ወይም ከደባርቅ ሰው ሞቶ ዘመዱ ጎንደር ከተማ የሚኖር ከሆነ፣ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው። እሳቸው ትንፍሽ ሳይሉ ዘመዱንና ጎረቤቱን ያስጠሩና በቅርብ ካለ ቤት ይሰበስባሉ። ባለ ሐዘኑ ራቱን ይብላ፣ እንቅልፉን ይተኛ ይላሉ። ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት ይመራሉ፤ ሰው ይከተላቸዋል። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አያንኳኩም። ጉሮሯቸውን ጠርገው አንዴ ይስላሉ፤ ደረቅ፣ አጭር ሳል ነው። ከዚያ በኋላ ቃል አያስፈልግም፤ ከውስጥ ጩኸቱ ይነሣል።

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ኬሚስትሪ ላስተምር ጎንደር የተመደብኩ ሰው ነኝ። መርዶ በጠዋት እንደሚነገር እኛም ቤት አውቃለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ማታ መርዶ የሰማ ሰው ሌሊቱን ከማን ጋር ያልቅስ?» አሉኝ። «የሞተው እንደሁ አይቸኩልም፤ እኛን ምን አስቸኮለን?»

ይህ ነገር ታዲያ በነጻ አልሆነላቸውም። አያ ፈንታሁን በጠዋት የሰው ደጅ መርገጥ አይችሉም። መጥረቢያ ለመዋስ እንኳ ፀሐይ እስክትሞቅ መጠበቅ አለባቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው በማለዳ ከግቢ ሲወጡ ሴቶቹ በየአጥሩ ሥር መጥረጊያቸውን ያቆማሉ፤ ከኋላቸው ሰው ይከተል እንደሆነ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ገና ከበር ብቅ ሲሉ «ለዳቦ ነው! ለዳቦ ነው!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ይስቁባቸዋል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እስቅ ነበር። በኋላ ግን ለመድኩት፤ «ለዳቦ ነው!» የተባለበት ጠዋት ደህና ጠዋት ነው። ድምፁ ሳይሰማ እርምጃቸው ብቻ የተሰማ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። አገሩ በታመሰባቸው በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ዝም ብለው የወጡባቸው ጠዋቶች በዙ።

ጉንፋን ሲይዛቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ይስሉ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። «በከንቱ አይሳልም» ይላሉ። ይህን ሳስብ እስካሁን ያሳዝነኛል፤ ሰው በገዛ ቤቱ እንደ ልቡ መሳል ሲያቅተው።

ከጡረታቸው በፊት በጎንደርና በአዲ አርቃይ መካከል የሚመላለስ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ስልክ ባልበዛበት ዘመን ሹፌር ፖስታም ነው፣ ሽማግሌም ነው፣ ወሬ አመላላሽም ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ አወሩኝ።

«ዛሪማ ገበያ ላይ አንድ ሰው መስኮቴን ይዞ፣ ደባርቅ መናኸሪያ ሻይ ለምትሸጠው ልጅ አባትሽ አረፈ በልልኝ አለኝ። እሽ አልሁ። ሊማሊሞን ወጥቸ ደባርቅ ስደርስ ረፍዶብኛል፤ ተሳፋሪው ይጮኻል። ሞተሩን ሳላጠፋ በመስኮት ጠራኋትና ነገርኋት። አባትሽ አረፈ፣ አይዞሽ አልኋትና ነዳሁት።»

ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብስበው ቀጠሉ።

«በሌላ ጊዜ ስመለስ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ለካ ስነግራት ሻይ እየቀዳች ኑሯል። ከሄድሁ በኋላም መቅዳቱን አልተወችም። ብርጭቆው ሞልቶ ፈስሶ፣ የፈላው ውኃ እጇ ላይ ሲወርድ አታውቀውም። ሰው ደርሶ ነው ማንቆርቆሪያውን የቀማት።»

«ምን አለችዎት?»

«አልተቆጣችኝም። ሻዬን ቀድታ ሰጠችኝና ‹አያ፣ ማኪናው ምነው ቸኮለ?› አለችኝ። ይኸው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳያጠፉ ለማንም ክፉ ወሬ ነግረው አያውቁም። ወጉንም ለራሳቸው አገር ሰው ብቻ አላደረጉትም። አንድ ጊዜ ከደቡብ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አባቱ ሞቶ፣ ጓደኞቹ ጨንቋቸው እሳቸው ዘንድ መጡ። አያ ፈንታሁን መጀመሪያ ያሉት «ያገሩን ሰው ፈልጉልኝ» ነው። የልጁን ቋንቋ የሚናገር ሰው እስኪገኝ ጓደኞቹን የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ሁሉ አስዞሩ። አማርኛ እኮ አቀላጥፎ ይናገራል ቢሏቸው «ይናገር እንጅ! ለቅሶ በሰው ቋንቋ አይወጣም» አሉ። በማግሥቱ ጠዋት ያ የተገኘው ልጅ ከፊት ሄደ፤ እሳቸው ከኋላ ቆሙ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ወግ ጋር ፊት ለፊት የተጋጠመችው ምራታቸው ኤልስ ነበረች።

አያ ፈንታሁን ሚስታቸው ቀደም ብላ ሞታባቸዋለች፤ ያላቸው አንድ ልጅ ሙሉቀን ነው። ሙሉቀን ሰሜን ተራራ ላይ አስጎብኚ ሆኖ ሲሠራ ጭላዳ ዝንጀሮ ልታጠና ከሆላንድ የመጣችውን ኤልስን አገባና ከእሷ ጋር ወደ አገሯ ሄደ። በየዓመቱ እየመጡ ይሰነብቱ ነበር። ኤልስ አማርኛ የለመደችው ከፓርኩ ጠባቂዎች ስለሆነ አነጋገሯ የለየለት የደጋ ሰው ነው፤ «ሸጋ ነው»፣ «ምነው» ስትል የሰማ የአዲስ አበባዋን እኔን ነበር ፈረንጅ የሚለኝ። አፏ የደባርቅ ይሁን እንጂ ልቧ ግን ያገሯ ነው። መጀመሪያ ማዕድ በቀረበ ቀን «በቃኝ» ብላ እጇን ሰበሰበች። አያ ፈንታሁን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉላት። እሷም አፏን በመዳፏ ሸፍና «አባባ፣ በቃኝ ማለት በቃኝ ማለት ነው» አለች። ሁላችንም ደነገጥን። እሳቸው ግን ጉርሻውን ራሳቸው ጎርሰው «እኛ አገር ሦስተኛው በቃኝ ነው በቃኝ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ተዋደዱ።

በሌላ ጊዜ ሲመጡ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። በዚያን ቀን ጠዋት አያ ፈንታሁን ለአንድ ጎረቤት መርዶ ነግረው መመለሳቸው ነበር። ኤልስ ሰውየውን ማታ በር ላይ ሲስቅ አይታዋለች።

«አባባ፣ ትናንት ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር።»

«እሱ ግን ሳያውቅ ራቱን በላ? ይህ እኮ ውሸት ነው።»

«ውሸት አይደለም ልጄ። ማቆየት ነው።»

«ሐዘኑ የሱ ነው፤ ያንተ አይደለም። እናንተ ማን ናችሁ የምታቆዩበት?»

ሙሉቀን መሬት መሬት ያያል። ኤልስ አልተወችም። «እናቴ ስትሞት» አለች፣ «አባቴ ሥራ ቦታየ ደወለ። እናትሽ ሞተች አለኝ። ሽንት ቤት ገብቸ አለቀስሁ፤ ፊቴን ታጥቤ መኪናየን ነድቸ ሄድሁ። አንድ ሰዓት ደብቆኝ ቢሆን ይቅር አልለውም ነበር። አምኖኝ ነው የነገረኝ።»

«ሽንት ቤት?» አሉ አያ ፈንታሁን።

«አዎ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻየን።»

አያ ፈንታሁን ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ሰው አልነበረሽም?»

ክርክሩን ለመርታት ያሉት አልነበረም፤ ከልባቸው አዝነውላት ነው። ኤልስ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ ዓይኗ ቀላ። «ነበረኝ» አለች። «ግን መጀመሪያ ብቻየን መሆን ፈለግሁ።» እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ አልገባቸውም። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ተብሎ ያደጉ ሰው ናቸው። እኔ መካከል ላይ ተቀምጬ ሁለቱም እውነት ያላቸው መሰለኝ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የሚመስለኝ። ኤልስ ለዕርቅ ያህል «እስኪ ሳሉን አሰማኝ» ብትላቸው እምቢ አሉ። ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ለምን እንደሚስሉ ግን አስረዷት፤ እሷም አንድም ቃል ሳታቋርጥ አዳመጠች።

ይህ ከሆነ ዓመትም አልሞላው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማለዳ ለክፍል ስዘጋጅ የእሳቸው እርምጃ በግቢው ውስጥ ተሰማኝ። «ለዳቦ ነው» እስኪሉ ጠበቅኩ። አላሉም። እርምጃው የእኔ ደጃፍ ላይ ቆመ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ታየችኝ። ከዚያ በጣት የተመታ ያህል ቀስ ብሎ በሩ ተንኳኳ። እሳቸው አንኳኩተው አያውቁም።

«ልጄ፣ አይዞሽ፤ ያንች አይደለም» አሉ ከውጭ።

ከፈትኩ። ብቻቸውን ናቸው። «እይ፣ ከኋላየ ሰው የለም» አሉኝ። ገብተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ትናንት ከሰዓት ኤልስ ደወለች። አባባ፣ ሙሉቀን ሞተ አለችኝ። በጠዋቱ ልቡ ቆመ አለችኝ።»

ልጮህ ስል እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ።

«ቆይ። ሰው አለ አጠገብሽ አልኋት። የለም አለችኝ። እህቷ ከሌላ ከተማ እየመጣች ነው አለችኝ። እስክትደርስ ስልኩን እንዳትዘጊው አልኋት። እሷ ስታለቅስ እኔ አለሁ፣ አለሁ እያልሁ ቆየሁ። እህቷ ስትገባ ሰማሁና ዘጋሁት።»

«እርስዎስ አያ? አላለቀሱም?»

«ማን አረዳኝና?»

እሳቸው የበሩን መዝጊያ እያዩ ቀጠሉ።

«ጆሮየ ሰምቷል። ቤቴ ግን አልሰማም፤ ጎረቤቴ አልሰማም። ሙሉቀን ሰው ሳይቆምለት ብቻየን ላልቅሰው? ደጁን ሳዳምጥ ነው ያደርሁ። የሚመጣ የለም። ማን ይመጣል? የሚመጣው እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ ጠዋት ሰው ይዘሽ ነይልኝ። ዛሪማ እህቴ አለች፣ ላኪባትና ትድረስ። እኔ ማወቄን ግን ለማንም አትንገሪ።»

ተነሥተው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ከግቢው በር ላይ ያ ድምፅ ተሰማ።

«ለዳቦ ነው! ለዳቦ ነው!»

እንደ ወትሮው ነበር የጮኹት። ሴቶቹ መጥረጊያቸውን መልሰው አነሡ፤ የአንዱ ባጃጅ ነጂ ሳቅ ተሰማኝ። ብዙ ክፉ ድምፅ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። አሁንም አንዳንድ ማለዳ፣ እዚህ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ።

ያን ቀን የእሳቸውን ማወቅ ደብቄ የሙሉቀንን ሞት ለወይንሸት ነገርኳት፤ ሰፈሩ በቀስታ አወቀ። ዛሪማ ላክን። አያ ፈንታሁን ከሰዓት ደጅ ወጥተው ሲቀመጡ ሰው ሁሉ ዓይኑን እየሰበረ ሰላም ይላቸዋል፤ ከልክ ያለፈ ደግ ይሆንላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ያንን ደግነት ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው ናቸው። ለሁሉም «እግዜር ይመስገን» እያሉ መለሱ። ወይንሸት ራት ሠርታ ላከችላቸው። ባለ ሐዘን ራቱን ይብላ የሚሉት እሳቸው ናቸውና ሣህኑ ተጠርጎ ተመለሰ።

ጎህ ሲቀድ ደጃፋቸው ላይ ቆምን። እህታቸው ደርሳለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የነቃነው፤ የሚስል የለም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ሊጠርግ ሞከረና ተወው። ወሬውን ያመጣሁት እኔ ስለነበርኩ ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ብርዱ ነው፣ ፍርሃቱ ነው፣ አላውቅም። በሩ ዝግ ነው፤ እኛ ውጭ ቆመናል፤ እሳቸው ውስጥ ናቸው፤ ጊዜው ይሄዳል።

ከውስጥ ሳሉ።

ደረቅ፣ አጭር ሳል ነበር፤ የራሳቸው። እህታቸው ጮኸች። በሩ ተከፈተ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። «ማነው የሞተብኝ? ማነው?» አሉ። የሚያውቀውን የሚጠይቅ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ሙሉቀን!» አለች እህታቸው፤ ሰው ሁሉ «ሙሉቀን!» አለ፤ ያን ጊዜ ወደቁ። ሦስት ጎልማሶች ያዟቸው። ያን ያህል ለቅሶ እንዴት አድርገው ይዘውት እንደዋሉ እግዜር ይወቀው።

ኤልስ ለተዝካሩ መጣች። የሆነውን ሁሉ የነገርኳት እኔ ነኝ። ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ «አባባ፣ ያን ቀን ብቻህን አደረግሁህ» አለቻቸው።

«ብቻየን አልነበርሁም» አሏት። «አንች ነበርሽ። ደግሞም ባገርሽ ወግ ነው የነገርሽኝ፤ አምነሽኝ ነው።»

ያን ዕለት ኤልስ ከሴቶቹ መካከል ገብታ፣ ራሷን የእህታቸው ጉልበት ላይ ጥላ አለቀሰች። ማንም ተነሺ አላላትም።

ከዚያ እኔ ሥራ ቀይሬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። የዛሪማዋ እህታቸው ባለፈው ዓመት ሞተች። ስለዚህ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳለቅስ የመጣልኝ ሐሳብ ይህ ነበር፤ በዚህ ዓለም የአያ ፈንታሁን መርዶ የሚነገራት አንዲት ሴት ቀርታለች። የወይንሸት ቢጫ ፊት ሳይደርስባት ደወልኩላት።

«ኤልስ፣ ሰው አለ አጠገብሽ?»

ትንፋሿ ይሰማኛል። አሁኑኑ ንገሪኝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትለኝ ልነግራት ወስኜ ነበር።

«የለም» አለች በመጨረሻ። ቀጥላም «አሁን አትንገሪኝ» አለችኝ። «ነገ ሲነጋ ደውይልኝ። እህቴን እጠራለሁ። ጎረቤቶቸን እጠራለሁ።»

«እሺ።»

«ዛሬ ራቴን እበላለሁ» አለችና ዘጋችው።

በማግሥቱ እኔም ብቻዬን አልደወልኩም፤ እናቴን አጠገቤ አስቀመጥኳት። የእነሱ አገር እስኪነጋ ጠበቅን። ኤልስ ስልኩን አነሣች፤ ሃሎ አላለችም። ከኋላዋ ወንበር ሲጎተት፣ በማላውቀው ቋንቋ ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማል። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። የምለውን ቃል ሌሊቱን ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አንዴ ሳልኩ።

ከወዲያ ማዶ ጩኸቱ ተነሣ።